ካንዴላዋን ሳታዩ ሞተሯን እንዳትፈቱ፦ የድሮ ሞተር ሳይክል ጎንደር ላይ መንዳትና መጠገን

ሐምሌ መሀል ነው፣ ከአዘዞ ወደ ከተማ ስመለስ ዝናብ ላይ ሞተሬ ቀጥ አለች። ገፍቼ አንድ ጋራዥ አስገባኋት። መካኒኩ ምንም ሳያይ ቴስታታውን (የሞተሯን የላይ ራስ) ፈታው፣ "ፋሻ ነው" አለኝ፣ የፒስተኑን ቀለበት ማለቱ ነው፣ ፋሻ ገዛሁ፣ ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መሀል እሚገባ ማሸጊያ) ገዛሁ፣ ሶስት ቀን ጠበኩ፣ ተገጥማ ስትመጣ ያው አልነሳም አለች። ሰፈራችን ጋሼ እምንላቸው ዶቅዶቄ ሲፈቱ ያረጁ ሰው አሉ፣ እሳቸው ጋ ገፋኋት። ጋሼ ቁልፍ እንኳን አላነሱም፣ ዱካቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ "እስቲ ልጄ ካንዴላዋን ፈተህ ስጠኝ" አሉኝ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ እምታቀጣጥለውን ማለታቸው ነው። ተቀብለው ወደ ፀሐይ ገልበጥ አርገው አዩት፣ አሸተቱት፣ "ቤንዚኑማ ደርሷታል፣ እሳት ነው ያጣችው" አሉ። ኮንደንሰሩ ነበር፣ ለካንዴላው እሳት እንዲደርስ እምታግዝ ከአውራ ጣት እምታንስ ቆርቆሮ። ከዛ ወዲህ ማንም ሰው ሞተሬ እምቢ አለችኝ ብሎ ሲደውልልኝ መጀመሪያ እምጠይቀው ካንዴላው ምን ይመስላል ብዬ ነው፣ ይሄን እምጽፍላችሁም ለዛ ነው።

እኛ ሀገር የድሮ ሞተር ስንል በብዛት ሆንዳ ሲጂ 125፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ያማሃ ዲቲ 125 እና ያማሃ ኤጂ 100 ነው፣ ከመስሪያ ቤት በጨረታ የወጡ ወይ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ የዞሩ። ሲጂ በ1976 እ.ኤ.አ. ነው የወጣችው፣ ሲሰሯት ጀምሮ እንደኛ ላለ ሀገር፣ ዘይት ለሚረሳና ጭነት ለሚያበዛ ሰው ተብላ የተሰራች ናት፣ ቫልቮቿን እምታንቀሳቅሰው በዘንግ ስለሆነ ከላይ የካምሻፍት ሰንሰለት ምናምን የለባትም። ኤጂ ደሞ የገበሬ ሞተር ናት፣ ካቴናዋ (የኋላ ጎማውን እሚያዞረው ሰንሰለት) ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ መቆሚያዋም በግራም በቀኝም ነው። እምትገዙ ከሆነ ከሞተሩ ድምፅ በፊት ሊብሬውን ተቀብላችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጋችሁ አንድ በአንድ አመሳክሩ፣ አንዷ ቁጥር ከተፋቀች ወይ ካልገጠመች ምንም ብትረክስ ተዉት፣ በኋላ ቦሎ ልታወጡ ስትሉ ነው እሚያስለቅሳችሁ።

አሁን ካንዴላ ማንበብ። ከፒያሳ ወደ ጎሃ እምትወጣውን ዳገት ያዙ፣ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ጋዙን ከፍታችሁ ትንሽ ውጡና ከላይ ፍሪሲዮን (በግራ እጅ እሚጨበጠውን) ይዛችሁ ወዲያው አጥፏት፣ በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጧት ቆማ ስትዞር) አታቆይዋት ምክንያቱም ሚኒሞ ላይ ሁሉም ካንዴላ ይጠቁራል። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ቀዝቀዝ እስክትል ጠብቁና ፍቱት። ነጩ ሸክላ እንደ ማኪያቶ ቡናማ ከሆነ ምንም አትንኩ፣ በቃ ሂዱ። እንደ ምጣድ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። ጥቁር ሆኖ በዘይት እርጥብ ከሆነና ሞተሯ ሲጂ ወይ ኤክስኤል ከሆነች ያኔ ነው ፋሻ ወይ የቫልቭ ጎሚኒ ብሎ ማሰብ። ነጭ እንደ አመድ ከሆነ ግን ቁሙ፣ ቤንዚን አንሷታል፣ እንዲህ ሆና ረጅም መንገድ ከሄደች ፒስተን ትበላለች።

ጎንደር ላይ አብዛኛው ካንዴላ ጥቁር ነው እሚወጣው፣ ይሄ ደሞ የሞተሯ ጥፋት አይደለም። ከተማችን ከባህር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሯ ከጉልበቷ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ታጣለች፣ ቤንዚንና አየር እሚያቀላቅለው ካርቡራቶር ግን ይሄን አያውቅም፣ ለቆላ የተለካውን ቤንዚን እዚህም ያንኑ ይለቃል። ስለዚ የካርቡራቶሩን ክዳን ፈትታችሁ መርፌውን አውጡና ክሊፑን አንድ ጥርስ ወደ ላይ አርጉት፣ ክሊፑ ወደ ላይ ሲወጣ መርፌው ወደ ታች ይገባል፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። በቂ ካልሆነ ዋናውን ጄት (ቤንዚን እሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ናስ) አንድ ቁጥር አሳንሱ። አንዳንድ ልጆች ጄቱን በመርፌ ቆርቁረው ሲያፀዱ አያለሁ፣ በናታችሁ እንዳታረጉት፣ ናሱ ለስላሳ ነው፣ ቀዳዳው በፀጉር ያህል ቢሰፋ ሞተሯ ዕድሜ ልኳን ትጠጣለች፣ በቤንዚን ዘፍዝፋችሁ በንፋስ ነው እሚፀዳው። ደሞ ይሄን ቀንሳችሁ ወደ መተማ ቆላ ከወረዳችሁ መልሱት፣ እታች አየሩ ወፍራም ስለሆነ እዚህ ልክ የሆነችው እዛ ቤንዚን ያንሳትና ትግላለች።

ቤንዚን ራሱ አንድ ጣጣ ነው። ማደያ ሲጠፋ ሁላችንም መንገድ ዳር ከሃይላንድ ገዝተናል፣ ውስጡ ውሃ ይኑር ላምባ ይኑር አታውቁም። የተገዛውን ወደ ሰልባቲዮ (የቤንዚን ታንክ) ከመገልበጣችሁ በፊት ሃይላንዱን ጥላ ቦታ አሥር ደቂቃ አቁሙት፣ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ተንጠባጥቦ እንደ ዶቃ ይታያል፣ ከላይ ያለውን ብቻ በጨርቅ አጥልላችሁ ቅዱት። ላምባን ግን እንዲህ አትለዩትም፣ አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ ጠብ አርጉና ጠብቁ፣ ንፁህ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል። ሞተሯ ትንሽ ሄዳ እየሞተች ትንሽ ቆማ እምትነሳ ከሆነ ደሞ መጀመሪያ የሰልባቲዮውን ክዳን ክፈቱ፣ ፍስስ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል ማለት ነው፣ በቀጭን ሽቦ ክፈቱት፣ አለቀ።

ካንዴላው በቤንዚን እርጥብ ሆኖ ሞተሯ ካልተነሳች እሳት ፈልጉ። ካንዴላውን ኮፍያው (የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ) ውስጥ ሰክታችሁ ብረቱን ቴስታታው ላይ አስነክታችሁ (ከቀዳዳው ራቅ አርጋችሁ፣ ቤንዚን ይተፋል) ኪኩን እርገጡ። ወፍራም ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ቀጭን ቢጫ ወይ ምንም ከሌለ አዲስ ካንዴላ ሞክሩ፣ ሲጂ ላይ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ክረምት ከሆነ ኮፍያውን አውልቃችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዝናብ በኋላ አልነሳም ከምትሉ ሰዎች ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ትጨርሳላችሁ። ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን እሚያስነሳ መገናኛ) ያላት ከሆነች ሽፋኑን ፍቱና ጨለም ያለ ቦታ ሌላ ሰው እየረገጠ ፑንቲናውን እዩት፣ ሲከፈት ሲዘጋ መሀሉ ላይ ደማቅ ብልጭታ ካለና ፊቱ ጎድጉዶ ከተቃጠለ ኮንደንሰሩ ሞቷል፣ እኔ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ኮንደንሰሩ ደህና ከሆነ ፊቱን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ፣ ብናኙ እንዳይቀር ንፁህ ወረቀት መሀሉ አስገብታችሁ ጎትቱ፣ ክፍተቱን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር አርጉት። ስፔሶር (ቀጭን የክፍተት መለኪያ ብረት) ግዙ፣ ርካሽ ነው፣ በአይን አይለካም።

የሲጂ ቫልቭ እሚስተካከለው ጠዋት ሞተሯ ሳትነሳ ነው፣ የጎንደር ጠዋት ለዚህ ተስማሚ ነው ብርዱ። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሲጨምቅ ቲ ምልክቱን ገጥማችሁ ሁለቱንም ሮከር (ቫልቩን እሚጫነውን ክንድ) በጣት ነቅነቅ አርጉ፣ ሁለቱም ላላ ካሉ ቦታው ልክ ነው፣ ክፍተቱ ለሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር። ትክ ትክ ማለቷን ለማጥፋት ብላችሁ አታጥብቁት፣ ትንሽ እምትንጫጫ ቫልቭ ደህና ናት፣ ድምፅ የሌላት ናት እምትቃጠለው።

ዲቲና ኤጂ ላላችሁ፣ ይሄን በጥሞና አንብቡ፣ ሁለቱም ቱ ስትሮክ ናቸው፣ ዘይትና ቤንዚን አብረው እሚያቃጥሉ። ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይት እሚደርሳት ጋዝ ስትሰጧት ነው። ከደባርቅ ወጥታችሁ ሊማሊሞን ስትወርዱ ጋዝ ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ ከያዛችኋት ሞተሯ በከፍተኛ ዙር እየዞረች ዘይት ግን ጠብ እያለ ብቻ ነው እሚደርሳት። እኔ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ስወርድ አንዱ ጥምዝ ላይ ጩኸቷ በድንገት ቀጠነና የኋላ ጎማው ድርቅ ብሎ ተንሸራተተ፣ ፍሪሲዮኑን የጨበጥኩት ከማሰቤ በፊት ነው፣ ከጎኔ ገደል ነው ያለው። ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይዞ ነበር። ስለዚ ቁልቁለት ላይ በየተወሰነ ርቀት ፍሪሲዮን ይዛችሁ ጋዝ አንዴ ሁለቴ ስጧት፣ ፍሬኑንም የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቃችሁ ያዙ፣ የከበሮ ፍሬን ሲግል አይይዝም፣ ከጋለ ቆማችሁ አብርዱት፣ እይታውም ያምራል። ሁለት ጣት ፍሪሲዮኑ ላይ ይሁን ሁሌ። ሌላው፣ ካንዴላው ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ከደከመች ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ፍቱ፣ ውስጡ በጥቀርሻ ተደፍኖ ታገኙታላችሁ፣ የውስጡን ቱቦ አውጥታችሁ ፍቁት።

ኮብልስቶን ብሎን ያላላል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ስጧት፣ የሞተር መያዣ ብሎኖች፣ የማርሚታ ዳዶ፣ የመሪ፣ የራጆቹን (የጎማው ሽቦዎች) እያንዳንዱን በእርሳስ መታ መታ አርጋችሁ ድምፃቸውን ስሙ፣ የላላው ድብን ያለ ድምፅ ነው እሚሰጥ። ካቴና ላይ የተቃጠለ ዘይት አታፍስሱ፣ ውስጡ የብረት ብናኝ አለው፣ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት በቀጭኑ ቀቡት። በጥምቀት ግን ሞተር አታውጡ፣ ጥር 10 እና 11 ከፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ መንገዱ ሰው በሰው ነው፣ በንፋስ እምትቀዘቅዝ ሞተር በእግር ፍጥነት ስትጎተት ትግላለች፣ ታቦቱን በእግር ሸኙ።

ከመቀመጫው ስር እኔ እምይዘው ይሄ ነው፦ የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ባለ 10 እና 12 ቁልፍ፣ አንድ ክንድ ሽቦ፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ኮንደንሰር፣ አዲስ ካንዴላ በጨርቅ የተጠቀለለ። የቀየራችሁትን አሮጌ ካንዴላ እዛው መንገድ ላይ አትጣሉት፣ በዛው ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ቤት አምጡት፣ ማታ በመብራት ስታዩት ምን እንደነካት ይነግራችኋል።