በክረምት በሞተር ብስክሌት ወጥቶ ሰሜን ሸዋ ላይ ድንኳን ጥሎ ለማደር

በሐምሌ ከደብረ ብርሃን ወዲያ በሞተር ብስክሌት ወጥቶ ድንኳን ውስጥ ማደር ብዙ ሰው የሚመክረው ነገር አይደለም። ዝናቡን ፈርተው ከሆነ ግን ያለ ቦታው ነው የፈሩት። ዝናብ ብቻውን ሰው አያስመርርም፤ የሚያስመርረው በስብሶ፣ እጅ ደንዝዞ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማደሪያ ፍለጋ መንከራተት ነው። ሰዓቱንና መሬቱን መርጦ የወጣ ሰው በክረምትም ደርቆ ያድራል።

መቼ፣ በየት

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ሐምሌን ተዉት። ነሐሴ ሲጋመስ ወይም መስከረም ሲጠባ ውጡ፤ ያኔም ይዘንባል፣ ግን ፋታ ይሰጣል። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሰማዩ ይጠራና ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል።

ከአየሩ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። በአካባቢው ባለው የጸጥታ ችግር ምክንያት ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ፣ በሞተር ብስክሌት ላይም ገደብ ሊጣል ይችላል። መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ በላስቲክ ተጠቅልለው ከደረት ኪስ አይለዩ።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር ያልፋል። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከሸዋ ሮቢት በሸሚዝ የተነሳ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል። የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3200 ሜትር ይጀምራል። የስልኩ ትንበያ ለከተማዋ የሚለውን አምባው አይሰማውም። ከስልኩ ይልቅ ይህን እወቁ፦ ከቆላው የሚነሳው ሞቃትና እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጠዋት አንኮበር ላይ ቆማችሁ የቃኛችሁት ቆላ ስምንት ሰዓት ላይ የለም፤ ቀጥሎ መንገዱም አይኖርም። ስለዚህ የገደል አፋፍ መንገዶችን ከስድስት ሰዓት በፊት ጨርሱ። ጉም ከቀደማችሁ አስፋልቱ ዳር አትቁሙ፤ ሞተሩን ከመንገዱ ጨርሶ አውጡት። የጣርማ በሩ መንገድ የደሴ መንገድ ነው፣ የጭነት መኪና አያጣም። በወረራው ዘመን ጣሊያን የቆፈረው የጣርማ በር ዋሻም ጨለማ ነው፤ ከመግባታችሁ በፊት ጥቁር መነጽራችሁን አውልቁ።

ሞተሩና ጭነቱ

የጎማው ጥርስ ካለቀ አትውጡ። ፍሬን፣ ካቴናና መብራት መታየታቸው የሚነገር አይደለም። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ፓምፕ፣ ፒንሳና ካንዴላ ያዙ፤ ቤንዚን ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ። ካርቡራተር ያለው ሞተር ዳገቱ ላይ ቢደክም አትደንግጡ፤ 3000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል።

የሚያስፈራው ጥቁር አፈር ነው። በደነባና በእነዋሪ በኩል ከጠጠሩ ወጥታችሁ ማሳ ለማሳ ከገባችሁ፣ ጭቃው በፊተኛው ጎማና በፓራፋንጎው (በጭቃ መከላከያው) መካከል ይጠቀጠቅና ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ነዳጅ እየሰጡ መታገል ፍሪሲዮኑን ከማቃጠል በቀር ምንም አይፈይድም። ፓራፋንጎውን ፈትቶ ጭቃውን በእንጨት መጎርጎር ነው፣ ከመቶ ሜትር በኋላም እንደገና። ዝናብ የጠገበ ጥቁር አፈር ካያችሁ ዙሩ፤ በዚህ ጉዳይ ጀግንነት የለም።

የሚያምሩ የሞተር ቦርሳዎች ይሸጣሉ፤ ውኃ አያስገቡም የሚባሉትም ስፌታቸው ላይ ያስገባሉ። እኔ የምወደው የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ውኃ አያሳልፍም፣ የውጩ ጆንያ ከመቀደድ ይጠብቀዋል፣ ዋጋውም ኢምንት ነው። ማዳበሪያው ብረት ስለሚበላ በደንብ ታጥቦ ይድረቅ። የማደሪያ ልብስና ካልሲ ለብቻ ይታሰር፤ ቀን ምንም ያህል ብትበሰብሱ እንዳትነኩት።

የዝናብ ልብስ ሱሪና ጃኬት የተለያየ ይሁን። ሰፊው ካፖርት ነፋስ ይነፋዋል፣ ጫፉም ካቴና ውስጥ ይገባል። የሱሪው ጫፍ ከቦቱ ውጭ ይውረድ፤ ውስጥ ከከተታችሁት ቦቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጋን ይሆናል። በሱፍ ጓንት ላይ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት መደረብ አያምርም፣ ግን ከብዙ ውድ ጓንት ይሻላል። የሄልሜቱ መስታወት በትንፋሽ እንዳይሸፈን ውስጡን በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ እስኪጠራ ጥረጉት።

መሬት መምረጥ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ለመምረጥ ጊዜ አላችሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ያገኛችሁት ቦታ ይመርጣችኋል።

መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጉ። በክረምት ባዶ የሚመስለው ለምለም መስክ ብዙ ጊዜ ክልክል ነው፤ ለከብቱ ድርቆሽ እስኪታጨድ የሚጠበቅ ሣር ነው፣ ድንኳን ስትጥሉበት የሰው የበጋ መኖ ረገጣችሁ ማለት ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ሄልሜቱን አውልቁ፣ ከዚያ ሰላምታ ስጡ። ቀኑ ገና ሳይዞር «አባባ፣ እንደምን ዋሉ? የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብትሉ ፀሐይዋን አይተው መሳቃቸው አይቀርም፣ ነገሩ ግን ይገባቸዋል። «ልጄ፣ ቤት እያለ ሸራ ውስጥ ማደር ምን የሚሉት ነው?» ማለታቸውም አይቀርም። በረዶ የሚጥል ሰማይ ከሆነ እሺ በሉ። ጓሳ ላይ ከሆነ ጥበቃው የማኅበረሰቡ ስለሆነ ክፍያውን ፈጽማችሁ በተፈቀደው ማደሪያ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሣሩን እዩ። ቀጠማ የበቀለበት ቦታ ውኃ ይተኛበታል፤ ፀሐይ ላይ ደረቅ መስሎ ቢታይም እለፉት። ሣሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከተኛና ሥሩ ላይ ጭራሮ ከተሰገሰገ ጎርፍ ሄዶበታል። ከዚያ አንድ እፍኝ አፈር ጨብጣችሁ እሹት፦ እንደ ሊጥ ተድበልብሎ ጣት ላይ ከተጣበቀ ሂዱ፣ ጠጠር ቀላቅሎ ከተበተነ ቆዩ። የምትፈልጉት በትንሹ ዘንበል ያለ፣ ጠጠር ያለበት፣ በነፋሱ በኩል ጉብታ ወይም የድንጋይ ካብ የሚከልለው መሬት ነው።

ገደል አፋፉ ሲያዩት ያጓጓል። ነፋሱ፣ ጉሙና መብረቁ መጀመሪያ የሚደርሱት ግን እዚያ ነው። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ። ቆላ ወርዳችሁ ከሆነ ደረቅ ወንዝ ዳር አትደሩ፤ በላያችሁ ኮከብ እየታየ ደጋው ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ሸዋ ሮቢት ግድም ደግሞ ወባ አለና አጎበር አይረሳ።

ድንኳኑን መጣል

ከድንኳኑ ሥር ላስቲክ ማንጠፍ ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው መጠኑ ነው። ላስቲኩ ከድንኳኑ ወለል በአራቱም በኩል አንድ ስንዝር ያህል ማነስ አለበት። ከወለሉ ከተረፈ ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ ተቀብሎ ወደ ሥራችሁ ይወስደዋል፤ እናንተ ከታች ኩሬ ላይ ተኝታችሁ ጣሪያው አፈሰሰ እያላችሁ ትማረራላችሁ። አብሮኝ የሚጓዝ ጓደኛዬ ትልቁን ላስቲክ «ለጫማ ማስቀመጫ ይሆናል» ብሎ ዘርግቶ፣ ሌሊት ፍራሹን ከነብርድ ልብሱ እየጨመቀ አይቼዋለሁ። የተረፈውን ወደ ውስጥ አጥፉት፣ እጥፋቱም ወደ መሬት ይሁን።

ከድንኳን ጋር የሚመጣው ቀጭን ካስማ ለርጥብ መሬት አይሆንም፤ አንድ ጠንካራ ነፋስ ይነቅለዋል። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በክንድ ልክ አስቆርጡ፣ አናቱንም አስቆልምሙ። ይከብዳል፤ ይክበድ። ሲተከል አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያጋድል፣ በላዩ ድንጋይ ይጫን። በሩ ለነፋሱ ጀርባውን ይስጥ። ዝናብ እየጣለ ከሆነ የላይኛውን ሸራ አስቀድማችሁ ከፍ አድርጋችሁ፣ የውስጡን ከሥሩ ዘርጉ።

ሞተሩን ከድንኳኑ በታች በኩል አቁሙት፣ ቢወድቅ በእናንተ ላይ እንዳይወድቅ። ማቆሚያው ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉለት። የድንኳን ገመድ ሞተር ላይ አይታሰርም።

ሌሊቱ

ምግብ ላይ አትድከሙ። በዚያ ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስልም። በሶ፣ ቆሎና የእንጀራ ድርቆሽ ይበቃሉ፤ ትኩስ ሻይ ከተገኘ ድግስ ነው። የተረፈው ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር፣ ጅብ ያሸታል።

ብርዱ ቢበረታም ከሰልም ሆነ ቡታጋዝ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። የሚያወጡት መርዘኛ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። የደብረ ብርሃን አረቄ ያሞቃል የሚባለውም እዚህ አይሠራም፤ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ሙቀት የተሰማችሁ መስሏችሁ ሙቀታችሁን ታጣላችሁ። ሙቀት ከፈለጋችሁ ከሥራችሁ ጀምሩ። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ከመደረብ ከታች አንድ አጎዛ ማንጠፍ ይበልጣል፤ ከላይ የመንዝ ባና ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ አትመኙ። ጓደኛችሁ መንቀጥቀጡን ትቶ ምላሱ ከተኮላተፈ፣ አዝራር መቆለፍም ካቃተው፣ ርጥብ ልብሱን አውልቁለት፣ በደረቅ ጠቅልሉት፣ ወደ ቤት ውሰዱት።

የድንኳኑን መተንፈሻ አትድፈኑ። ጠዋት ግድግዳው ላይ የምታዩት ጠብታ ብዙውን ጊዜ ዝናብ ሳይሆን የራሳችሁ ትንፋሽ ነው።

ጠዋት

ጤዛው እስኪነሳ ጠብቃችሁ ከመሄድ ድንኳኑን እርጥብ ጠቅልሎ በጊዜ መውጣት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላው ጉም አይጠብቃችሁም። ከመነሳታችሁ በፊት ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ ካቴናውን ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡ። ቤት ስትደርሱ ግን ሳትቀመጡ ድንኳኑን አውጥታችሁ አስጡት፤ እርጥቡን ሁለት ቀን ካሳደራችሁት ሻጋታው አይለቅም።