ባለስምንት ሰው ጀልባ ሳይሰበር ውሃ ላይ እንዴት ይወርዳል? (ለጀማሪ ቀዛፊዎች)

ዋሽንግተን ዲሲ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር፣ ብዙ ክለቦች በጋራ የሚጠቀሙበት የጀልባ ቤት አለ። የሚያስተዳድሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ቀዘፋ ለመጀመር ስፖርተኛ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ የጀመሩ ሞልተዋል። ግን ጀልባውን የሚሸከመውም፣ የሚያጥበውም፣ ብሎን የሚያጠብቀውም አባሉ ራሱ ነው። እኔ እንዳየሁት ደግሞ ጀልባ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ውሃ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ቆየት እላለሁ።

መጀመሪያ ውሃ ዋና። አዲስ አበባ ያደግን ብዙዎቻችን አንችልም፣ ይህ ደግሞ አያሳፍርም። ክለቦች አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ውስጥ ሳትሰምጡ መቆየት መቻላችሁን ሳያዩ ጀልባ አያስነኩም። የዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁ የከተማው መዋኛ ገንዳዎች ነፃ ናቸው፣ መታወቂያ ይዞ መሄድ ብቻ ነው። የብርዱን ወራት እዚያ አሳልፉና በፀደይ ለጀማሪዎች ትምህርት ተመዝገቡ።

ጂም ያለው የቀዘፋ ማሽንም ይጠቅማል። ከጎኑ ያለችውን ማንሻ 10 ላይ አድርጎ የሚንፈራገጥ ሰው አታጡም። ወገቡን እየፈጀ ነው፣ ተዉት። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ይበቃል። እግር ይገፋል፣ ከዚያ ገላ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል፣ እጅ መጨረሻ ላይ ይስባል። ሲመለሱ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው።

ለልምምድ ጎህ ሳይቀድ መነሳት አለ፣ እሱን ቻሉት። ልብሳችሁ ጠበቅ ይበል። ሰፊ ቲሸርት የመቅዘፊያው እጀታ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ባለስምንቱ ጀልባ ርዝመቱ 17 ሜትር ገደማ ነው። የውድድር ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ክብደት 96 ኪሎ ነው፣ ለስምንት ሲካፈል 12 ኪሎ ይደርሳችኋል። አገር ቤት ስንሄድ የምንጭነው ሻንጣ እጥፉን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ጉልበት አይደለም ችግሩ፣ ርዝመቱ ነው። መሃል ላይ ያለው ሰው አንድ እርምጃ ሲዞር ጫፉ ሦስት አራት እርምጃ ይወረወራል። በር ላይ የሚመታውም ለዚህ ነው።

ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ኮክሱ፤ ማለትም ሳይቀዝፍ ጀልባውን የሚመራው ሰው። እሱ ሲናገር ሌላው ሁሉ ዝም። የእኛ ሰው «ቆይ፣ በዚህ በኩል ይሻላል» ማለት ይወዳል፤ እዚህ ግን ሁለት አዛዥ ካለ ጀልባው መሃል ላይ ይጣመማል። ትእዛዙ ስህተት ቢመስላችሁም መጀመሪያ ፈጽሙ፣ ክርክሩ ጀልባው ከተቀመጠ በኋላ ይደርሳል። አንድ ነገር ሊመታ ሲል ግን «ቁም!» ማለት ለማንም ይፈቀዳል።

ጀልባው መደርደሪያው ላይ ተገልብጦ ነው የሚያድረው። ከጎኑ የወጡት ብረቶች፣ ሪገሮቹ፣ የጎረቤቱን ጀልባ እንዳይቧጭሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ትከሻ ላይ። ውሃው ዳር ያለው መድረክ ላይ ስትደርሱ ከራስ በላይ ይነሳል፣ ሁሉም የውስጡን ጠርዝ ይይዝና በአንድ ጊዜ ወደ ወገብ ይገለበጣል። የእግራችሁ ጣት መድረኩ ጠርዝ ላይ መድረስ አለበት። ወደ ኋላ ቀርታችሁ ካወረዳችሁ ከጀልባው ስር ያለችው ትንሽ ክንፍ መድረኩን ትመታና ትሰበራለች። ያለ እሷ ጀልባው ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስታወርዱ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጀልባውን ከመድረኩ አርቁት፣ ጎንበስ የምትሉት ከጉልበት ይሁን።

መቅዘፊያውን ሪገሩ ጫፍ ላይ ባለው መያዣ አስገቡ፣ መዝጊያውን ጥብቅ አድርጉ። አሁን መግባት። ወንበሩ በሚንሸራተትባቸው ሁለት ሐዲዶች መካከል ጠንካራ ቦታ አለ፣ እግር የሚያርፈው እዚያ ብቻ ነው። የጀልባው ገላ ውፍረት ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። አንድ ትልቅ ሰው ተቻኩሎ ወለሉን ሲረግጥ ጫማው ቀጥ ብሎ ወንዙ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ስምንት ሰው ያን ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ ጀልባውም እስኪጠገን ተሰቀለ።

ከተቀመጣችሁ በኋላ እግራችሁን የምታስገቡበት ጫማ ጀልባው ላይ የተገጠመ ነው፤ ተረከዙን ከጀልባው ጋር የሚያስረውን ገመድ ጎትታችሁ እዩ። ጀልባው ቢገለበጥ እግራችሁን የሚያስለቅቃችሁ እሱ ነው። ከላላ ወይም ከተበጠሰ ሳትቀዝፉ ተናገሩ። ከተገለበጣችሁ ደግሞ ጀልባውን ይዛችሁ ቆዩ፤ ወደ ዳር ልዋኝ ማለት የለም።

ውሃ ላይ ሌላው ሁሉ በልምምድ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ፦ መቅዘፊያው ጠምሞ ከገባ ውሃው ይውጠውና እጀታው ወደ ሆዳችሁ ይመጣል። አትታገሉት። ወደ ኋላ ጋደም በሉና በላያችሁ ይለፍ።

ስትመለሱ ጀልባው ይታጠባል፣ ከዚያ እጃችሁ በሳሙና። ዲሲ በዚህ ወንዝ መዋኘትን ከ1971 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላለች። ዝናብ ሲጥል ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ የሚይዙት፣ በ2018 እና በ2023 የተከፈቱት ዋሻዎች ብዙ ረድተዋል፤ ቢሆንም ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት የወንዙን ውሃ ቁስል ላይ ማስነካት ጥሩ አይደለም። መዳፋችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን መቁሰሉ አይቀርም። ጓንት አታድርጉ፣ እጀታው በደንብ አይሰማችሁም። የላጠውን ቦታ በፕላስተር ሸፍኑት፣ ያበጠውን አታፍርጡት።