የባህል ማስታወሻዎቼን እንዴት እንደ አደራጀኋቸው

ስለ አገራችን ባህሎች የጻፍኩት ሁሉ በቦታ ስም ተከፋፍሎ ስለተቀመጠ ጽሑፎቹ ከተለመደ መግቢያ አላልፍ ብለው አስቸገሩኝ። መፍትሔው ማህደሮቹን በነገሩ ስም መሰየም ሆነ። የመጀመሪያው «እንሰት» ነው። ጉራጌ ለመስቀል ቆጮን ከክትፎ ጋር ያቀርባል፤ ሲዳማ በአዲስ ዓመት በዓሉ በፍቼ ጨምበላላ ዋዜማ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራውን ቡርሳሜ በአንድነት ይቋደሳል። (በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፤ ቀኑን የሚወስኑት ግን ዛሬም ከዋክብትን የሚያነቡ አያንቶዎች ናቸው። እንዴት ያለ እውቀት ነው!) ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጥያቄው በራሱ ይመጣል፦ እንሰቱን ማን ይፍቃል? ገበታውን ማን ይባርካል? መልሱን የሰማሁበትን ቀበሌና የተናጋሪውን ዕድሜም አብሬ እጽፋለሁ፤ ይህ አንድን ሕዝብ በጅምላ ከመግለጽ ያድነኛል። ቀጣዩ ማህደር «አዲስ ዓመት» ነው፤ የወላይታው ጊፋታ ይከፍተዋል።