ባዮሎጂክ መርፌ እየወሰዱ ቅልጥም፣ የራስ ቆዳና ጥፍር ላይ የቀረ ሶሪያሲስን እንዴት እንደሚይዙት

ለሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያሻክርና ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ በሽታ) ባዮሎጂክ መርፌ (የሰውነትን መከላከያ አንድ ክፍል ለይቶ የሚገታ መድኃኒት) የጀመረ ሰው ጀርባውና ሆዱ ጠርቶ ቅልጥሙ ላይ አንድ ሁለት ቦታ፣ ራሱ ላይ ቅርፊት፣ ጥፍሩ ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ሲቀርበት «መርፌው አልሠራልኝም» ብሎ ይደመድማል። ብዙውን ጊዜ ቸኩሏል። ቅልጥም፣ የራስ ቆዳ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ጥፍር ዘግይተው የሚጠሩ ቦታዎች ናቸው፤ መርፌ ከመቀየር በፊት እዚያው ቦታ ላይ የሚሠራ ሥራ አለ።

በቅድሚያ የቀረው ነገር በሽታ መሆኑን ያረጋግጡ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ሶሪያሲስ ከዳነ በኋላም የጠቆረ ወይም የነጣ ምልክት ለወራት ይቆያል። ምንም ሳይቀቡ (ቫዝሊን ቅርፊቱን ይደብቃል) ዓይንዎን ጨፍነው ቦታውን በጣት ጫፍ ይዳስሱ። ከዙሪያው ጋር እኩልና ለስላሳ ከሆነ የቀለም ለውጥ ብቻ ነው፤ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ቢቀቡት ቆዳው ይሳሳል እንጂ ጥቁረቱ አይጠፋም። ከፍ ብሎ ከሻከረና ሲፋቅ ነጭ ቅርፊት ከረገፈ ግን በሽታው ገና አለ።

ቀጥሎ መርፌው ራሱ ይታይ። ውጤቱን ለመገምገም 16 ሳምንት ገደማ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከእነዚህ መርፌዎች አንዱ የሆነው ሪሳንኪዙማብ ከመነሻዎቹ ሁለት መርፌዎች በኋላ በየ12 ሳምንቱ ስለሚወሰድ አንድ ቀጠሮ ቢያልፍ ክፍተቱ ረጅም ነው። ኡስቴኪኑማብ የተባለው ሌላው መርፌ መጠኑ ለአዋቂ በአብዛኛው 45 ሚሊግራም ሲሆን፣ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ካለፈ 90 ይሆናል፤ ስለዚህ ክብደት ከጨመሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። መርፌው የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ከውጭ ወደ አገር ቤት ሲመጡ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት፣ በእጅዎ ይያዙት። በረዶ ላይ በቀጥታ አያስደግፉት፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢሟሟም አይወጋም፣ ይጣላል።

ከሁሉም እልኸኛው ቅልጥም ነው። ማታ ማታ አጥንቱ ላይ በአውራ ጣት 10 ሰከንድ ያህል ይጫኑ። ጉድጓድ ካስቀረ እግርዎ ያብጣል ማለት ነው፤ ሲቀመጡ ከፍ አድርገው ያሳርፉት፣ ለሐኪምም ያሳዩ። አጥብቆ የሚይዝ ካልሲ የሚደረገው የእግሩ የደም ዝውውር ከታየ በኋላ ብቻ ነው። ለቆዳው በብዛት የሚታዘዘው ካልሲፖትሪዮል (የቫይታሚን ዲ ዓይነት) እና ቤታሜታዞን (ስቴሮይድ) አብረው ያሉበት ቅባት ነው፤ በቀን አንዴ ለ4 ሳምንት ይቀቡታል፣ ከዚያ ሐኪሙ ከፈቀደ በሳምንት ሁለት ቀን። የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው እጅግ ጥቂት ይቀባል። ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ የሚዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ ሁለት መዳፍ ከነጣቶቹ ለሚያክል ቦታ ይበቃል። ቅርፊት የሚያለሰልሰው ሳሊሲሊክ አሲድ ካልሲፖትሪዮልን ስለሚያበላሽ ሁለቱን አንድ ላይ አይቀቡ።

መፈተግና መቧጨር ሶሪያሲስን ይቀሰቅሳል። የሚሰግድ ሰው ጉልበቱና ቅልጥሙ ሥር ወፈር ያለ ምንጣፍ ያንጥፍ፤ ጠረጴዛ ላይ በክርን መደገፍንም ይተው።

ራስ ላይ መድኃኒቱ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ ፀጉር ላይ ቀርቶ ቆዳ ስለማይደርስ ነው። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ መጀመሪያ በዘይት ነክረው፣ ራስዎን በፕላስቲክ ቆብ ሸፍነው አድረው ጠዋት ይታጠቡ። በማበጠሪያ አይፋቁት፣ ይደማል። ከዚያ ፀጉሩን በመስመር በመስመር ከፍለው መድኃኒቱን ቆዳው ላይ ያንጠባጥቡ። ለከርዳዳና ለደረቅ ፀጉር ዘይት ያለበት ዓይነት እንዲታዘዝ ይጠይቁ፤ አልኮል ያለበት ያደርቃል፣ የተሰነጠቀ ቆዳንም ያቃጥላል። ክሎቤታሶል (በጣም ጠንካራ ስቴሮይድ) 0.05 በመቶ በተከታታይ ከ2 ሳምንት፣ በሳምንትም ከ50 ግራም አይለፍ። ሹሩባ ሲሠሩ ላላ ይበል።

ጥፍር ትዕግሥት ይፈልጋል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚያድግ ሙሉ ለሙሉ ለመተካት ግማሽ ዓመት ይፈጅበታል፤ የእግር ጥፍር ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል። ስለዚህ ጫፉን ሳይሆን ሥሩን ይመልከቱ፦ ከሥር ንጹሕ ጥፍር እየወጣ ከሆነ መርፌው እየሠራ ነው። ፈንገስም ተመሳሳይ መልክ ስላለው ከጥፍሩ ተፍቆ ይመርመር።

ብብት፣ ብሽሽትና ብልት አካባቢ ጠንካራ ስቴሮይድ አይቀባም፤ ሐኪሞች ለስለስ ያለውን ስቴሮይድ ሃይድሮኮርቲዞን 1 በመቶ ወይም ስቴሮይድ ያልሆነውን ታክሮሊመስ ያዛሉ። ሴኩኪኑማብ ወይም ኢክሴኪዙማብ የተባሉትን መርፌዎች የሚወስዱ ከሆነና ቦታው ረጥቦ የሚያቃጥል ከሆነ ካንዲዳ (የፈንገስ ዓይነት) ሊሆን ይችላል፤ ሳይታይ ስቴሮይድ ከተቀባ ይብሳል።

አዳሊሙማብ የተባለውን መርፌና መሰሎቹን ሲወስዱ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ መግል የያዙ ትናንሽ ብጉሮች ከወጡ መድኃኒቱ ራሱ አምጥቷቸው ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይሂዱ። ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቆይ የመገጣጠሚያ መድረቅ ካለም እንዲሁ፤ የራስ ቆዳና የጥፍር ሶሪያሲስ ያለበት ሰው የመገጣጠሚያ ብግነት ያሰጋዋል። ሲሄዱ በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን የተነሱትን ፎቶ፣ የመርፌዎቹን ቀናትና የሚቀቡትን ቱቦ ሁሉ ይዘው ይቅረቡ።