ለሕዝብ ግንኙነት ሥራ ስታመለክቱ ገጻችሁ እናንተን ይምሰል

ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሠራተኛ ስመርጥ፣ የማመልከቻ ደብዳቤውን አንብቤ እንደጨረስኩ የአመልካቹን ስም ጎግል ላይ እፈልጋለሁ። የሰው ገመና ለመለቃቀም አይደለም። አንድ የሒሳብ ባለሙያ በፌስቡክ ገጹ የሚጽፈው ስለ ሒሳብ ችሎታው ብዙ አይነግረኝም። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ግን ሥራው ራሱ በአደባባይ መጻፍ፣ በአደባባይ መልስ መስጠትና በአደባባይ መታመን ነው። ስለዚህ አስቦበት ያቀረበው ይሁን አይሁን፣ ገጹ የመጀመሪያው የሥራ ናሙና ሆኖ እጄ ይገባል።

ብዙ ሥራ ፈላጊዎች የሚፈሩት አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ወጥቶ እንዳያዋርዳቸው ነው። እኔ ግን በአሳፋሪ ፎቶግራፍ ምክንያት ካለፍኳቸው አመልካቾች ይልቅ ገጻቸው ላይ ማንንም ስላላገኘሁ የተውኳቸው ይበዛሉ። ደብዳቤው ላይ አንድ ሰው አለ፤ ሊንክድኢን ላይ ሌላ አለ፤ በአስተያየቶቹ ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም የማይመስል ሦስተኛ ሰው ይናገራል። እኔ የምፈልገው በሦስቱም ቦታ አንዱን ሰው ማግኘት ነው።

እንደማያውቃችሁ ሰው ሆናችሁ ራሳችሁን ፈልጉ

ከመለያዎቻችሁ ሁሉ ወጥታችሁ፣ ታሪክ በማይመዘግበው የግል መስኮት ውስጥ ስማችሁን ፈልጉ። በተለመደው መስኮት የምታገኙት ውጤት ከራሳችሁ ልማድ ጋር የተስማማ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣሪው የሚያየው ደግሞ ሌላ ነው። ስማችሁን በአማርኛም በላቲን ፊደልም ጻፉት። የብዙዎቻችን ስም በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ስላለው ሁሉንም ሞክሩ። ከዚያ አንዱን ምረጡና በሲቪያችሁ፣ በሊንክድኢን፣ በኢሜይል አድራሻችሁና በጽሑፎቻችሁ ሥር ያንኑ ብቻ ተጠቀሙ። የድሮ ቅጽል መለያችሁንና የተዋችሁትን ኢሜይልም ፈልጉ፤ የምስል ውጤቶቹንም ተመልከቱ።

የምታፍሩበት ነገር ስታገኙ ሁሉንም ጠራርጎ የማጥፋት ፍላጎት ያድርባችኋል። አትቸኩሉ። ለብዙ ዓመታት የኖረ ገጽ ካለፈው ወር በፊት አንድም ጽሑፍ ሳይኖረው ሳይ የማስበው ሰውየው ንጹሕ መሆኑን ሳይሆን የሚደብቀው ነገር መኖሩን ነው። እኔ እንዲህ እለያለሁ፤ ስድብ፣ የሌላ ሰው ምሥጢር፣ ያለ ፈቃዱ የተነሣ ሰው ፎቶግራፍ፣ ሐሰት መሆኑ የተረጋገጠ ወሬ ይጥፋ። ሐሳባችሁን የቀየራችሁበት ጽሑፍ ግን ቢቆይ አይጎዳችሁም፤ ከሥሩ «ዛሬ በዚህ ጉዳይ የማስበው ከዚህ የተለየ ነው» ብላችሁ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። ሐሳቡን በግልጽ የሚያርም ሰው ለዚህ ሙያ ቅርብ ነው። ለፌስቡክ ደግሞ ያለፉ ጽሑፎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ እንዲታዩ የሚያደርግ ቅንብር አለ። አንድ ጊዜ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ የሚቻለው አንድ በአንድ ስለሆነ መጀመሪያ አስቡበት።

የጠፋ ሁሉ እንደማይጠፋም እወቁ። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የድረ ገጾችን ቅጂ ሲያስቀምጥ ኖሯል፤ የሰው ስልክም ገጽን ፎቶ አንሥቶ ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 የአንድ ትልቅ ኩባንያ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ከለንደን ወደ ኬፕታውን ልትበር ስትል ዘርን የሚነካ ቀልድ ትዊተር ላይ ጻፈች። ተከታዮቿ ሁለት መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። አውሮፕላኑ ሳያርፍ ጽሑፉ ዓለምን አዳረሰ፤ ሥራዋንም አጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ለተከታይ ብዛት አይደለም።

ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት አንቀጽ

ሊንክድኢን ከስማችሁ በታች ላለው መስመር 220 ፊደላት፣ ስለ ራሳችሁ ለምትጽፉበት ክፍል ደግሞ 2,600 ፊደላት ይሰጣችኋል። ከሁለተኛው ላይ አንባቢው ሳይጫን የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለሆነ ቁም ነገሩን ወደ ላይ አምጡት።

በተደጋጋሚ የማነበው እንዲህ ያለውን ነው፦ «ለውጤት የምተጋ፣ በቡድን መሥራት የምወድ፣ ፈጠራ የተላበሰ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ።» ይህ ዓረፍተ ነገር ሐሰት የለበትም፤ የማንም ሰው ሊሆን መቻሉ ነው ችግሩ። ስሙን ሸፍኜ ለሌላ አመልካች ብሰጠው ሳይቀይር ይወስደዋል። ከእሱ ይልቅ ይህን የጻፈ ሰው ቢመጣ ወዲያው ስልክ አነሣለሁ፦ «ጋዜጣዊ መግለጫ ከመጻፌ በፊት ጋዜጠኛው ሊጠይቀኝ የሚችለውን አምስት ጥያቄ እጽፋለሁ። ለአንዱ እንኳ መልስ ካጣሁ መግለጫው አልበሰለም ብዬ እመልሰዋለሁ። በጽሑፍ እበረታለሁ፤ በካሜራ ፊት መናገር ገና እየተለማመድኩ ነው።»

ሁለተኛው ለምን እንደሚሻል ተመልከቱ። ሰውየው እንዴት እንደሚሠራ አየሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ የምጠይቀውን አገኘሁ፤ «እስቲ አንድ የመለስከውን መግለጫ ንገረኝ» እለዋለሁ። ድካሙንም ራሱ ስለነገረኝ ብርታቴ ነው ያለውን አመንኩት። ለመጻፍ ሲቸግራችሁ ይህን ሞክሩ፤ ሥራችሁን ለማያውቅ ዘመድ «ትናንት ቢሮ ምን ሠራሁ» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አስረዱና ድምፃችሁን ቅዱት። የምትጽፉት ከዚያ ቅጂ ውስጥ ይገኛል፤ የእናንተ የሆኑት ቃላት እነዚያ ናቸው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጻፍ ዛሬ የተለመደ ነው። ፊደል ለማስተካከል፣ የረዘመውን ለማሳጠር ተጠቀሙበት፤ አልቃወምም። ነገር ግን አንቀጹን ከመጀመሪያው እንዲጽፍላችሁ ካዘዛችሁት የሚሰጣችሁ ያንኑ የማንም ሰው የሆነ ዓረፍተ ነገር ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ በቦታው የጽሑፍ ፈተና ስሰጥ ልዩነቱ ይታያል።

የሥራ ናሙና ስታስቀምጡ ድርሻችሁን ለዩ

በዚህ ሙያ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው። እንዲያም ሆኖ በናሙናዎች ሥር የማየው «ይህን ዘመቻ መራሁ» የሚል ነው። አንድ ዘመቻ ስንት መሪ ሊኖረው ይችላል? እንዲህ ጻፉት፦ «የመግለጫውን ረቂቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ርእሱን ያወጣው አለቃዬ ነው፤ ጋዜጠኞቹን ያነጋገረችው ባልደረባዬ ናት።» ድርሻችሁ አነሰ ብላችሁ አትፍሩ። እኔ የቀድሞ አለቃችሁን ደውዬ ስጠይቅ የምሰማው ከጻፋችሁት ጋር ሲገጥም፣ የቀረውንም ሳልጠይቅ አምናለሁ።

ቁጥር ስታቀርቡም ተጠንቀቁ። በጋዜጣ የወጣውን ዜና ስፋት ለክተው «ማስታወቂያ ቢሆን ይህን ያህል ገንዘብ ያስወጣ ነበር» የሚሉ አሉ። የመለኪያ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በባርሴሎና ተሰብስበው ባወጧቸው መርሆዎች የማስታወቂያ ዋጋ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ዋጋ መለኪያ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግረዋል። መግለጫችሁ ከወጣ በኋላ ምን ተለወጠ? ስንት ሰው ተመዘገበ? የቅሬታ ስልኮች ቀነሱ? ይህን ካላወቃችሁ «ውጤቱ በወቅቱ አልተለካም» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህም መልስ ነው።

ሥራ ገና ያልጀመራችሁ ደግሞ በአደባባይ የወጣ የአንድ ተቋም መግለጫ ወስዳችሁ እንደገና ጻፉትና ከላዩ ላይ «የራሴ ልምምድ» የሚል ቃል በጉልህ አኑሩበት። ያ ቃል ከሌለ ሐሰተኛ ናሙና ነው፤ ካለ ደግሞ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይበልጣል። የደንበኛን ምሥጢር፣ ያልተፈረመ ውል፣ ወይም እስከ ተወሰነ ሰዓት እንዳይወጣ ስምምነት የተደረገበትን ዜና ናሙና ብሎ የሚያሳየኝን ግን አልቀጥርም። ነገ የእኔንም ለሌላ ያሳያል።

አስተያየቶቻችሁን አነባለሁ

ከራሳችሁ ገጽ ይልቅ በሌሎች ጽሑፎች ሥር የምትጽፉት ይበልጥ እናንተን ይመስላል፤ ስለምትረሱት። አንድ ኩባንያ አገልግሎቱ መቋረጡን ሲያስታውቅ በሥሩ «በጣም ጥሩ መግለጫ! እናመሰግናለን!» የሚሉ አሉ፤ «የማትረቡ!» የሚሉም አሉ። ከሁሉ መካከል አንዲት ልጅ የጻፈችው አሁንም ትዝ ይለኛል፦ «መግለጫው ይቅርታ ጠይቋል። አገልግሎቱ በስንት ሰዓት እንደሚመለስና ደንበኛው እስከዚያ ምን እንደሚያደርግ ግን አልነገረም። ሰዓቱ መጀመሪያው መስመር ላይ ቢሆን የሚደውለው ሰው ይቀንስ ነበር።» ማንንም አልሰደበችም፤ ማንንም አላሞካሸችም። መግለጫውን የምታነበው በደንበኛው ዓይን ነበር፤ ይህ ደግሞ በሥልጠና በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው።

በምትወዱት ጉዳይ ላይም እንዲሁ ጻፉ። እግር ኳስ ይሁን፣ አትክልት ማብቀል ይሁን፣ የድሮ ሬዲዮ መጠገን፣ ከሙያው ጋር አይሄድም ብላችሁ አትደብቁት። ለማይገባው ሰው ማስረዳት ስትችሉ አያለሁ። ሰው ስሕተታችሁን ሲያርማችሁ የምትመልሱትን ደግሞ ከሁሉ በላይ እመለከታለሁ። «ልክ ነህ፣ ቀኑን አስተካክያለሁ፣ አመሰግናለሁ» የሚል አንድ መስመር ብዙ ይነግረኛል።

የተገዛ ጭብጨባ

ተከታይ አትግዙ፤ በሌላ ስም በተከፈተ ገጽ ራሳችሁን አታሞግሱ። ይህን ሌላ ቀጣሪ ችላ ሊለው ይችላል፤ በእኛ ሙያ ግን ቁስላችን ነው። ከሙያው ጀማሪዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው አይቪ ሊ እ.ኤ.አ. በ1906 ለጋዜጦች በላከው የመርሆዎች መግለጫ ሥራው ሁሉ በግልጽ እንደሚከናወን፣ መረጃው ከማን እንደመጣም እንደሚታወቅ ቃል ገብቶ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሁለት ተጓዦች አሜሪካን በመኪና እያቋረጡ በዎልማርት መደብሮች ማቆሚያ እያደሩ የሚጽፉት ብሎግ፣ ወጪውን የሸፈነው ዎልማርት የሚደግፈው ቡድን መሆኑ ታወቀ። ዘመቻው ኤደልማን የተባለው የሕዝብ ግንኙነት ኩባንያ ሥራ ስለነበር የኩባንያው ኃላፊ ሪቻርድ ኤደልማን በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ቤል ፖቲንገር የተባለው የለንደን የሕዝብ ግንኙነት ተቋም በደቡብ አፍሪካ ባካሄደው፣ የዘር ቅራኔን ሊያባብስ በሚችል ዘመቻ ምክንያት ከሙያ ማኅበሩ ተባረረ፤ በዚያው ወር ፈረሰ። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ቀጣሪ አሥር ሺህ ተከታይ ያለው፣ ጽሑፉን ግን ሦስት ሰው ብቻ የሚያነብለት ገጽ ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅታችሁም።

ያልተናገራችሁት ሁሉ መደበቅ አይደለም

ራስን ሆኖ መቅረብ ሁሉን መዘርገፍ ማለት አይደለም። ሕመማችሁ፣ ኀዘናችሁ፣ ትዳራችሁ፣ እምነታችሁ የእናንተ ነው፤ ስላልጻፋችሁት የሚጠይቃችሁ የለም። የጻፋችሁት እውነት ይሁን እንጂ እውነት የሆነ ሁሉ መጻፍ የለበትም። አሁን ባላችሁበት መሥሪያ ቤት የደረሰባችሁን በደል ግን በገጻችሁ ላይ አታውጡት፤ በደሉ እውነተኛ ቢሆንም ቀጣዩ ቀጣሪ የሚያነበው የራሱን ስም በዚያ ቦታ አስገብቶ ነው። ሊንክድኢን ሥራ እንደምትፈልጉ ለቀጣሪዎች ብቻ የሚያሳይ አማራጭ አለው። የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ቀጣሪዎች ለመከልከል ይሞክራል፤ ሙሉ ዋስትና ግን አይሰጥም።

ቃለ መጠይቁ ላይ

ከአሮጌ ጽሑፎቻችሁ አንዱን አትሜ ጠረጴዛው ላይ ላኖር እችላለሁ። «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» ስል የምጠብቀው መልስ አጭር ነው፦ «አዎ፣ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ይህን አስብ ነበር። ሐሳቤን የቀየረው ይህ ነው።» ሐሳባችሁ ካልተቀየረም «ዛሬም እንዲሁ አስባለሁ» በሉና ምክንያታችሁን አስረዱ። «ገጼን ሰው ገብቶበት ነው» የሚለውን መልስ፣ እውነት ካልሆነ፣ አትሞክሩት።

ከዚያ በተራችሁ ጠይቁ። ሠራተኞች በግል ገጻቸው ስለ ደንበኞች ሲጽፉ ለማን እንደሚሠሩ መግለጽ አለባቸው? የግል ገጽን የሚመለከት የጽሑፍ መመሪያ አለ? የድርጅቱን ጽሑፍ በግል ገጻችሁ እንድታጋሩ ትገደዳላችሁ? መመሪያው ካለ ውሉን ሳትፈርሙ ቅጂውን ተቀብላችሁ እቤታችሁ አንብቡት።