አኖፖሊን በእንግድነት፦ ከቀርጤስ ባሕር በላይ ወዳለች መንደር ለሚሄዱ

ግሪኮች «ክሴኖስ» የሚሉት ቃል ልክ እንደኛው «እንግዳ» ሁለት ፊት አለው፤ ቤት የመጣውንም ሰው፣ የማይታወቀውን ባዕድም ይጠሩበታል። አኖፖሊ ስትደርሱ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትሆኑ የሚለየው በአብዛኛው የመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ መንገዱ የምንናገረውን ያህል ስለ ሰላምታ፣ ስለ ቡናና ስለ ማዕድ እንናገራለን።

አኖፖሊ በደቡብ ምዕራብ ቀርጤስ፣ ስፋኪያ በሚባለው አካባቢ፣ ከባሕሩ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ሜዳ ላይ ተበታትና የተቀመጠች የእረኞች መንደር ናት። ከፊቷ የሜዲትራኒያን ደቡባዊ ክፍል የሆነው የሊቢያ ባሕር፣ ከኋላዋ ጫፋቸው 2,453 ሜትር የሚደርስ ነጭ ተራሮች አሉ። አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት በ1770 በኦቶማን ቱርኮች ላይ የተነሣው የዳስካሎያኒስ ነው፤ በማግስቱ ዓመት ሄራክሊዮን ከተማ ላይ ቆዳውን ገፈው ገደሉት። የመንደሩ ልጅ ስለሆነ ሐውልቱ ላይ ተንጠላጥሎ ፎቶ መነሣት ደግ አይደለም።

ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያዙ። በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለስ ሰው ድንጋይና ፍየል አይቶ ይመለሳል።

መቼ ይኬዳል

ሜይ፣ የጁን መጀመሪያ፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ጥሩ ናቸው። በጁላይና በኦገስት ጥላ የሌለው የእግር መንገድ አደገኛ ይሆናል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ደግሞ ባሕሩ ዳር ያሉት ማረፊያዎች አብዛኞቹ ይዘጋሉ፣ መንደሮቹን የሚያገናኘው ጀልባም ይሳሳል።

ለኦርቶዶክሳውያን አንባቢዎች አንድ ነገር አስቀድመን እንንገር። የግሪኮች ፋሲካና የኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ነው የሚውሉት፤ በ2026 ኤፕሪል 12፣ በ2027 ሜይ 2። ሕማማቱን ከነሱ ጋር መጾም፣ ትንሣኤውንም ከነሱ ጋር መፈሰክ ይቻላል። ፍልሰታ ላይ ግን አትሳሳቱ። እነሱ ኦገስት 1 ገብተው በ15 ይፈስካሉ፤ የኛ ነሐሴ 1 የሚውለው ኦገስት 7፣ ፍቺው ኦገስት 22 ነው። ኦገስት 15 መንደሩ ሁሉ ሥጋ ላይ ሲሆን እናንተ የጾሙ እኩሌታ ላይ ትሆናላችሁ። ባለቤቶቹ ደግሰው ከጠሯችሁ በኋላ ሳይሆን ገና ስትደርሱ ተናገሩ፤ የቀን መቁጠሪያው ልዩነት ወዲያው ይገባቸዋል።

መንገዱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ በሌላ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ካላችሁ፣ ግሪክ ውስጥ ከማንኛውም 180 ቀን 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ መቆየት ትችላላችሁ። ፓስፖርቱና ፈቃዱ ሁለቱም በእጅ ይኑሩ፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ከሼንገን ውጭ የምትኖሩ ቪዛ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ የሚወስነው የፓስፖርታችሁ አገር ነው።

ቅርቡ አውሮፕላን ማረፊያ ሃኒያ ነው። አለዚያ ከአቴንስ ወደብ ፒሬየስ ማታ የሚነሣው መርከብ አድሮ ጧት ሃኒያ አጠገብ ያለው ሱዳ ወደብ ያደርሳል። ከሃኒያ የአውቶቡስ ጣቢያ ወደ ባሕር ዳሯ ሆራ ስፋኪዮን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ እስከ አኖፖሊ የሚቀረው 12 ኪሎ ሜትር ዳገት እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ስለሆነ፣ ክፍል ስትይዙ ባለቤቱን «ከሆራ የሚያመጣን ሰው ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ታክሲ ዝም ብሎ ቆሞ አይጠብቅም።

በራሳችሁ መኪና ከሆነ ቭሪሴስ ከተማ ላይ ነዳጅ ሙሉ፤ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ሃኒያ አውጡ፤ አኖፖሊ ባንክ የለም። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብቻ ይዞ መኪና መከራየት አይቻልም፤ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አብሮ ያስፈልጋል። ማዶው በማይታይ ኩርባ ላይ ጡሩንባ አጭር ነክታችሁ እለፉ፤ የእረኞቹ ፒክአፕ መሐል መንገድ ይዞ ነው የሚመጣው። በጎች መንገዱን ከሞሉት ግን ጡሩንባ አትንኩ፤ ይበተናሉ፣ የሚበተኑትም ወደ ገደሉ በኩል ነው። ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ። የመንገድ ምልክቶቹ በጥይት መበሳታቸው እንዳያስደነግጣችሁ፤ የዒላማ ልማዳቸው ነው፣ ለእንግዳ የተላከ መልእክት አይደለም።

ሰላምታና አንገት

ቀድሞ ሰላም የሚለው ገቢው ነው። ካፌኒዮ (የመንደሩ ቡና ቤት) ስትገቡም፣ መንገድ ላይ አሮጊት ስታልፉም ጧት «ካሊሜራ»፣ ከሰዓት በኋላ «ካሊስፔራ» በሉ። ለብዙ ሰውና ለታላቅ «ያ ሳስ» ነው፤ «ያ ሱ» «አንተ» እንደማለት ስለሆነ ለሽማግሌ አይባልም።

ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል። «አፖ ፑ ኢስቴ?» ከየት ናችሁ ነው። «አፖ ቲን ኤቲዮፒያ» ብላችሁ መልሱ። ከዚያ ሃይማኖታችሁን፣ ወላጆቻችሁ በሕይወት መኖራቸውን፣ ስንት ልጅ እንዳላችሁ ይጠይቃሉ። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ገጠራችን ውስጥ «የማን ልጅ ነህ?» እንደሚባለው ነው። ባጭሩ መልሳችሁ እናንተም ጠይቁ።

ብዙ አበሻ የሚሰናከልበት ቦታ አለ፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። «ኔ» ማለት «አዎ» ነው። «ኦሂ» «አይደለም» ነው። «አይደለም» ለማለት ግን ብዙ ጊዜ ቃል አያወጡም፤ ቅንድባቸውን ከፍ፣ አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና ያደርጋሉ፣ አንዳንዴም ምላሳቸውን ጠቅ ያሰማሉ። እኛ ደግሞ ቅንድብ ከፍ አድርገን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ስናደርግ «አዎ» ማለታችን ነው። አስተናጋጇ «ቡና ይጨመር?» ስትል ሳታስቡት ቀና ካላችሁ ሲኒውን አንሥታ ትሄዳለች፤ «ምግቡ ጥሩ ነበር?» ለሚል ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ታዝናለች። ስለዚህ «አዎ»ን በቃል ተናገሩት፣ አንገት ወደ ታች ይሁን። አምስት ጣት ዘርግቶ መዳፍን ወደ ሰው ፊት ማሳየትም ከባድ ስድብ ነው። «አምስት» ወይም «በቃኝ» ስትሉ መዳፋችሁ ወደራሳችሁ ይዙር፤ «በቃኝ» ከሆነ እጅን ደረት ላይ ማኖር ይበልጣል።

ካፌኒዮ

ቀድሞ የተቀመጠው አዲስ ለገባው ይጋብዛል። ሳታዝዙ ጠረጴዛችሁ ላይ ብርጭቆ ከመጣ ማን እንደላከው ፈልጉ፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጉ፣ «ያ ማስ» በሉ። ሂሳቡን ለመክፈል አትታገሉ፤ ግብዣውን አልቀበልም ማለት ነው የሚሆነው። በማግስቱ ቀድማችሁ ተቀምጣችሁ እሱ ሲገባ ለእሱ ማዘዝ ነው ትክክለኛው መልስ።

የሚመጣው ራኪ ነው፤ ከወይን ጭማቂ የተረፈው ገለባ ተፈልቶ የሚወጣ አረቄ። በትንሽ በትንሹ ይጠጣል፣ ምግብ ነገርም አብሮ ይቀርባል። ባዶ ብርጭቆ ይሞላል፤ ለማቆም የፈለገ እኩሌታውን ትቶ ማስቀመጥ ነው ያለበት። የማይጠጣ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኤፍሃሪስቶ፣ ዴን ፒኖ» (አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም) ካለ ማንም አይቀየምም፤ በምትኩ ቡና ይቀበል።

ቡናው የግሪክ ቡና ነው፤ «የቱርክ» አትበሉት። ያለ ስኳር «ስኬቶ»፣ መካከለኛ «ሜትሪዮ»፣ ጣፋጭ «ግሊኮ» ይባላል። ስኳሩ ከቡናው ጋር አብሮ ስለሚፈላ በኋላ አይጨመርም፤ ሲያዝዙ መናገር ግድ ነው። ለአንድ ሲኒ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ቡና ይገባል፤ ከእሳት በፊት ይማሰላል፣ ከዚያ አይነካም፣ አረፋው አፍ ላይ ሲደርስ ይወርዳል። ከፈላ አረፋው ይጠፋል፤ ባለሙያዋንም የሚያሳፍራት ይኸው ነው። አተላው እንዲወርድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ የመጨረሻዋን ጉንጭ ተዉአት። ከአገር ቤት ቡና ስጦታ ለመውሰድ ካሰባችሁ እንደ ዱቄት የላመ ይሁን፤ ለጀበና የተወቀጠው ለነሱ ዕቃ ሻካራ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚነሣ ሰው ቂቤ፣ አይብና ቋንጣ አይያዝ፤ ጉምሩክ ይወስደዋል።

ማዕድ

«ኒስቲሲሞ» የምትለዋን ቃል ያዙ፤ «የጾም» ማለት ናት፣ ሁሉም ያውቃታል። የተቀቀለ የዱር ጎመን በወይራ ዘይትና በሎሚ፣ ባቄላ፣ የቲማቲም ሰላጣ በገብስ ደረቅ ዳቦ ታገኛላችሁ። ሆኖም የነሱ ጾም ከኛ የሚለይባቸው ነገሮች አሉ። ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ቀንድ አውጣ ለነሱ የጾም ናቸው። «ኒስቲሲሞ» ብላችሁ ሆህሊ ከቀረበላችሁ ቀንድ አውጣ ነው። ሰላጣው ላይ አይብ መነስነስም ልማድ ስለሆነ «ሆሪስ ቲሪ» (ያለ አይብ) ጨምሩ። የአካባቢው መታወቂያ የሆነችው የስፋኪያ ቂጣ በውስጧ ሚዚትራ የሚባል ለጋ አይብ አለባት፤ ማር ፈስሶባት ትኩሷን ትበላለች፤ የፍስክ ናት።

የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ «ሆሪስ ሂሪኖ» ይበል። ስቭላኪ ሳይነገር ብዙ ጊዜ አሳማ ነው፤ አፓኪ የሚሉት የተጨሰ ሥጋና ሉካኒኮ የሚሉት ቋሊማም እንዲሁ። በግ «አርኒ»፣ ፍየል «ካትሲኪ» ነው። ጽጋርያስቶ የሚሉት በወይራ ዘይት ለረጅም ሰዓት በዝግታ የበሰለ የፍየል ወይም የበግ ሥጋ ነው፤ ለጥብስ ወዳጅ ከዚህ የሚሻል የለም። ወይን የማይነካ ሰው ግን ድስቱ ውስጥ «ክራሲ» መግባቱን ይጠይቅ።

ቤተ ክርስቲያን

ጫማ አይወለቅም። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላ ችግር የለበትም። መግቢያው ላይ ሳንቲም አኑራችሁ ጧፍ አንሡና አብሩ። ኅብረት ስለሌለን ቁርባን ለመቀበል አትቅረቡ፤ ካህኑን ማስቸገር ነው የሚሆነው። ከቅዳሴ በኋላ የሚታደለውን ቡራኬ ዳቦ ግን ተዋሕዶ መሆናችሁን ነግራችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም። በየኮረብታው ያሉ ትናንሽ ጸሎት ቤቶች በር በሽቦ ታስሮ ካገኛችሁት ፍየል እንዳይገባ ነው፤ ስትወጡ መልሳችሁ እሰሩት።

ከመንደሩ በስተምዕራብ አራዴና አለ፤ ከሸለቆው 138 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ የብረት ድልድይ፣ ማዶው ባዶ የቀረ መንደርና የ14ኛው መቶ ዘመን የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። ሰዉ የለቀቀው በደም ቂም ነው። ዘመዶቹ በአካባቢው ስለሚኖሩ፣ እነሱ ካላነሡት ጥያቄውን አታንሡ።

ወደ ባሕር መውረድ

ከመንደሩ ደቡብ ጫፍ፣ ከቅድስት ካትሪን ጸሎት ቤት ኮረብታ፣ ዚግዛግ የድንጋይ መንገድ ወደ ሉትሮ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ መመለሱ ከሁለት ሰዓት በላይ። ሉትሮ መኪና የማይገባባት የባሕር ዳር መንደር ናት። አጠገቧ ያለው ፊኒካስ፣ በሐዋርያት ሥራ 27 የጳውሎስ መርከበኞች ሊከርሙበት የፈለጉት የቀርጤስ ወደብ ነው ይላሉ ብዙ ሊቃውንት። እዚያው ምዕራፍ ላይ ከደሴቱ ወርዶ መርከቡን የመታው ዓይነት ነፋስ ዛሬም ከተራራው በድንገት ይወርዳል፤ ጀልባውን የሚያስቀረውም እሱ ነው።

ከጧቱ ሁለት ሰዓት (በነሱ 8፡00) በፊት ተነሡ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ ያዙ፤ መንገዱ ላይ ምንጭም ጥላም የለም። ጫማው ጠንካራ ሶል ይኑረው፣ ሰንደል ለዚህ ድንጋይ አይሆንም። የብረት አጥር በር ስታገኙ፣ ተዘግቶ ከሆነ ዝጉት፣ ተከፍቶ ከሆነ እንደተከፈተ ተዉት፤ ከፍቶ የጠበቀ እረኛ ይኖራል። የመንጋ ውሻ ቢጮህ አትሩጡ፤ በመንጋውና በውሻው መካከል ሳትገቡ ዞር ብላችሁ እለፉ። ለመመለስ ከሉትሮ ወደ ሆራ በጀልባ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓት ከመውረዳችሁ በፊት አረጋግጡ። የአደጋ ስልክ 112 ነው።

ማደሪያ ላይ የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ነገሮች

በሙቀቱ ወራት ከ15፡00 እስከ 17፡30 በሕግ የጸጥታ ሰዓት ነው፤ በር አይንኳኳም፣ ሙዚቃ አይከፈትም፣ ስልክም አይደወልም። የሽንት ቤት ወረቀት ወደ ቅርጫቱ እንጂ ወደ መጸዳጃው አይጣል፤ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ይደፈናል፣ የሚያጸዱትም አስተናጋጆቻችሁ ናቸው። ሙቅ ውኃው ጣሪያ ላይ ካለ የፀሐይ ማሞቂያ ከሆነ ማምሻውን ታጠቡ፣ ባጭሩም ጨርሱ።

የበረራችሁ ዋዜማ ሃኒያ እደሩ፤ ድንጋይ መንገድ ሊዘጋ፣ ነፋስ ጀልባ ሊያስቀር ይችላል። ስትወጡ ባለቤቷ በውኃ ፕላስቲክ የወይራ ዘይት ብትሰጣችሁ እምቢ አትበሉ። ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልሉ፣ በሁለት ከረጢት ክተቱት፣ በልብስ መካከል አድርጋችሁ በሚጫነው ሻንጣ አስገቡት፤ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ፍተሻው ላይ ሊጣል ይችላል።