አካውንቲንግ ለከበዳችሁ ልጆች፣ ከዱቤ ደብተር ጀምሩ

ዘንድሮ ቢዝነስ ገብታችሁ ዴቢትና ክሬዲት ላይ ለቆማችሁ ልጆች ነው ምፅፈው፣ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ ወይ ወልድያ። አብሽሩ፣ ይገባችኋል። መጀመሪያ ሽምደዳውን ተዉት። እኔ ፈርስት ይር ሙሉ ሴሚስተር ሸምድጄ ፈተና ላይ ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል ሁሉም ጠፋኝ፣ የገባኝ ክረምት ላይ አክስቴ ሰኞ ገበያ ያላት ሱቅ ቁጭ ብዬ የዱቤ ደብተሯን ሳገላብጥ ነው።

ስለዚ ምታውቁት ሱቅ ምረጡ፣ የጨርቅ ይሁን የእህል ለውጥ የለውም፣ አስፈቅዳችሁ የአንድ ወር ገቢና ወጪውን ፃፉ። ባለዱቤዎቹን ግን በስም እንዳትፅፉ፣ ለክፍል ጓደኛም አታሳዩ፣ የሰው ዕዳ ገመናው ነው።

ሱቅ ካጣችሁ በዚህ ስሩ። አንዲት ሴት ሽሮና በርበሬ ልትነግድ ከራሷ 60,000 ብር አወጣች፣ ወንድሟ ደግሞ ያለ ወለድ 40,000 አበደራት። ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፣ ሱቁ ምን አለው? ያለውስ የማነው? ያለው 100,000 ካሽ ነው፣ ይሄ አሴት ነው። የማነው ካላችሁ 40,000ው የወንድሟ ነው፣ ሊያቢሊቲ ሚባለው ዕዳ፣ 60,000ው የሷ ካፒታል። እነዚህ ሁለት ጎኖች ሁሌም እኩል ናቸው፣ ካልሆኑ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል ማለት ነው።

ከዛ በ70,000 እቃ ገዛች፣ በ12,000 ሚዛን ገዛች፣ እጇ ላይ 18,000 ቀረ። ገንዘቡ መልኩን ቀየረ እንጂ ሱቁ አሁንም 100,000 አለው፣ ብዙ ሰው እቃ መግዛት ወጪ ይመስለዋል፣ እቃው ግን እስኪሸጥ ድረስ አሴት ነው።

ዴቢት ማለት ግራ ነው፣ ክሬዲት ማለት ቀኝ፣ በቃ። ጥሩና መጥፎ ማለት አይደለም። አሴትና ወጪ ሲጨምሩ ግራ፣ ዕዳ ካፒታልና ገቢ ሲጨምሩ ቀኝ፣ ሲቀንሱ በተቃራኒው። እኔን ለረጅም ጊዜ ያደናገረኝ ከባንክ ሚመጣው ኤስኤምኤስ ነበር፣ ብር ሲገባልን ክሬዲት ሆነ ይላል፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ ካሽ ሲጨምር ዴቢት ነው ተብለናል። ባንኩ ሚያወራው ከራሱ ደብተር ነው። እኛ ያስቀመጥነው ብር ለሱ ዕዳ ነው፣ ዕዳ ሲጨምር ቀኝ፣ ስለዚ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በወሩ ውስጥ 50,000 ያወጣባትን እቃ 68,000 ሸጠች፣ ግን በካሽ የተቀበለችው 15,000 ብቻ ነው፣ 53,000ው ዱቤ ሄደ። ኪራይ 5,000 ከፈለች፣ ለወንድሟ 20,000 መለሰች። አተረፈች ወይስ ከሰረች? ከሽያጩ 68,000 ላይ የእቃውን 50,000 ስትቀንሱ 18,000፣ ኪራዩ ሲወጣ 13,000። ሚዛኑም ያረጃል፣ 5 አመት ያገለግላል ብንል 12,000 ለ60 ወር ሲካፈል በወር 200 ብር የእርጅና ቅናሽ ነው። ትርፏ 12,800። ለወንድሟ የመለሰችው እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ዕዳ መክፈል ወጪ አይደለም፣ ዕዳውንም ካሹንም እኩል ይቀንሳል።

መሳቢያዋ ውስጥ ግን ስንት አለ? 18,000 ሲደመር 15,000፣ ሲቀነስ 5,000፣ ሲቀነስ 20,000፣ 8,000 ብር። አያችሁ፣ ያተረፈች ሴት እቃ መግዣ አጥታለች! ወላሂ እኛ ገበያ ብዙ ሱቅ ሚዘጋው ሽያጭ ጠፍቶ ሳይሆን እንዲ ዱቤ ላይ ቀርቶ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ለዚህ ነው የትርፍና ኪሳራ መግለጫና ካሽ ፍሎው (የገባና የወጣ ካሽ መግለጫ) ለየብቻ ሚሰሩት።

የወሩን መጨረሻ ደምሩት፦ ካሽ 8,000፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ሚባለው ዱቤ 53,000፣ ያልተሸጠ እቃ 20,000፣ ሚዛን 11,800፣ ድምሩ 92,800። በዛኛው ጎን የቀረ ዕዳ 20,000፣ ካፒታልና ትርፍ 72,800። እኩል መጣ፣ ይሄ ባላንስ ሺት ነው።

ትራያል ባላንስ፣ ማለትም የሁሉም ሂሳቦች የግራና የቀኝ ድምር ሚነፃፀርበት ዝርዝር፣ እኩል አልመጣ ካላችሁ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት፣ ቀሪ ከሌለው ምናልባት ሁለት አሃዝ ቦታ አቀያይራችኋል፣ ልክ 5,300ን 3,500 ብሎ እንደ መፃፍ። ወይ ደግሞ የልዩነቱን ግማሽ ፈልጉ፣ ግራ መሆን የነበረበት ቁጥር ቀኝ ገብቶ ይሆናል። እኩል መጣ ማለት ግን ስህተት የለም ማለት አይደለም፣ ጭራሽ ያልተመዘገበ ሽያጭ እዛ ላይ አይታይም። ቫት ላይም ተጠንቀቁ፣ ቫት ተመዝጋቢ የሆነ ሱቅ የ1,000 ብር እቃ በ1,150 ሲሸጥ ገቢው 1,000 ነው፣ 150ው የመንግስት ነው፣ ዕዳ ውስጥ ነው ሚገባው።

አሁን ሁለተኛውን ወር ራሳችሁ ሞክሩት። ባለዱቤዎቹ መጥተው 30,000 ቢከፍሏት ገቢ ብላችሁ እንዳትመዘግቡ፣ ገቢው የተሸጠ ቀን ተይዟል። ካሹ 38,000 ይሆናል፣ ተሰብሳቢው ወደ 23,000 ይወርዳል፣ ድምሩ ያው 92,800 ነው።